ከበዓሉ ማግስት፦ ቤት ለሌለው ሰው ማን ዋስ ይሆናል?

(በልደታ ለተሰበሰበ ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



በየዓመቱ ግንቦት 1 ሲደርስ የአዲስ አበባ ሰው ደጅ ይወጣል። ጎረቤት ከጎረቤት አዋጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ዳቦ ይጋገራል፤ ቡና ይፈላል፤ የሚበላውም የሚጠጣውም ከቤት ውጭ ነው። ምክንያቱን አባቶቻችን ሲነግሩን ኖረዋል። ቅድስት ሐናና ኢያቄም ክፉ የመከሩባቸውን ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ ወጡ፤ እመቤታችንም የተወለደችው እዚያው ተራራ ላይ፣ ከቤትና ከዘመድ ርቀው ሳሉ ነው። እኛም ያንን እያሰብን ለአንድ ምሽት ቤታችንን ትተን ደጅ እንቀመጣለን። ሲመሽና ሲበርድ ግን ሰሃኑን ሰብስበን እንገባለን። የዛሬው ንግግሬ እኛ ስንገባ እዚያው ደጅ ስለሚቀሩት ሰዎች ነው። በክርስቶስ ስም የተነሡ የበጎ አድራጎት ቤቶች ምን እንደሚያደርጉላቸው፣ የዚህ አጥቢያ ሰውም ምን ሊጨምርበት እንደሚችል እናያለን።

ከዓመቱ በዓል ሌላ ልደታ ወር በገባ በ1 ቀን ትዘከራለች። በዚያ ዕለት ማለዳ በልደታ ቤተ ክርስቲያን በር የሚያልፍ ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጧፍ ሻጮች ተደርድረዋል። ነዳያን ከግንቡ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ዓይነ ስውሩ ከሚመራው ልጅ ጋር፣ እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ አረጋዊው ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ከእነርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሳንቲም በሳንቲም ላይ የደረደረ ዘርዛሪ አለ። ብራችሁን ትሰጡታላችሁ፤ የድካሙን ቀንሶ ሳንቲም ይቆጥርላችኋል። ምእመኑ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የሚያስዘረዝረው ስስት ይዞት አይደለም። ከረድፉ አንዱን አይቶ ሌላውን ማለፍ ስለሚከብደው፣ ጥቂትም ብትሆን ለሁሉም እንድትዳረስ ስለሚፈልግ ነው። እኔ ይህንን ልማድ ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ። ምጽዋት ስንፍናን ያበረታታል እያሉ የሚንቁት ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። ያቺ ሳንቲም ተጠራቅማ የማታ ዳቦ ትሆናለች፤ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ደግሞ በአብነትና በመርካቶ አካባቢ በአዳር ለሚከራይ መደብ ትከፈላለች።

ይሁን እንጂ ወሩ 30 ቀን ነው። በ2 ቀን ጠዋት ግንቡ ሥር የሚቀመጠው ሰው ያው ነው፤ የሚያልፈው ምእመን ግን አንሷል። አንድን በጎ አድራጎት ከመዘንኩ የምመዝነው በዚህ ነው፦ ከበዓሉ ማግስት አለ ወይ? የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል።

ደጅ የሚያድረው ሰው ከየት መጣ? አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ሰው ወደዚህ ከተማ ገፍቷል፤ የ1977ቱም እንዲሁ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የቀድሞ ወታደሮች በየአደባባዩ እጃቸውን ሲዘረጉ ያየ ትውልድ ዛሬም አለ። የቅርቦቹን ዓመታት ጦርነትና መፈናቀል መዘርዘር አያስፈልገኝም። የእኛ ሰፈርም የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ የቀበሌ ቤት የሚባለው ተፈጠረ፤ ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበረ ልደታ ለብዙ ድሃ መጠጊያ ሆና ቆየች። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የልደታ መልሶ ማልማት ሲጀመር ስሙ በቀበሌ መዝገብ ላይ ያለ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት አገኘ። በዚያው ግቢ በደባልነት፣ በቆጥ ላይ፣ ወይም ከአጥር ተጠግቶ በላስቲክ የሚኖረው ሰው ግን ስሙ በማንም መዝገብ አልነበረም። እቃውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሰፈራችን ሲያልፍ ድልድዩ ለአንዳንዶቹ ጣሪያ ሆናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ዓይነት ሰው ከሳንቲም ያለፈ መልስ ስትፈልግ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ አይደለም። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ፣ የቂሳርያው ጳጳስ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በአገሩ ላይ ጽኑ ረሃብ ሲወድቅ ጎተራ እንዲከፈት ሰበከ። ስብከቱ ብቻ ግን አላረካውም። ከከተማው ውጭ ቤቶች አሠራ፤ ለመንገደኛ ማደሪያ፣ ለበሽተኛ አልጋና ሐኪም፣ ለምጽ ላለባቸው የሚጠጉበት ስፍራ፣ የእጅ ሙያ የሚሠራበትም ቦታ ነበረበት። የዘመኑ ሰዎች አዲስ ከተማ እስኪሉት ድረስ ሰፋ። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ባስልዮስ ድሃው በር ላይ እንዲጠብቅ አላደረገም፤ ቤት ሠርቶ ሠራተኛ ቀጥሮ ምግባሩን የዕለት ተዕለት ሥራ አደረገው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። በ1973 እ.ኤ.አ. ማዘር ትሬዛ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ለራሳቸውም ለማኅበራቸውም ምንም ሳይጠይቁ እኅቶቻቸው ከድሆች ሁሉ ድሃ የሆኑትን እንዲያገለግሉ ብቻ እንዲፈቀድላቸው እንደለመኑ የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ተፈቀደላቸው። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ ንጉሡ ወረዱ፤ እኅቶቹ ግን አልሄዱም። ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው ዘውዱንም፣ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም አልፎ እስከ ዛሬ ሰው ይቀበላል። በዚያ በር የሚገባው በሌላ ሆስፒታል አልጋ ያጣ፣ አስታማሚ የሌለው፣ አንዳንዴም ለመሞት የቀረበ ሰው ነው። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የለበሱት እኅቶች ሃይማኖቱን አይጠይቁትም፤ ሕክምናውን እንዲጨርስ ወይም መጠጥ እንዲተው ቀድመው አያስምሉትም። አልጋው ይቀድማል።

ይህን አካሄድ የዓለም ከተሞች ዘግይተው ደረሱበት። በኒው ዮርክ በ1992 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ፊንላንድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመንግሥት ፖሊሲ ያደረገችው አሠራር መጀመሪያ ቤት ስጥ፣ ሌላው ችግር ቤት ውስጥ ይታከማል የሚል ነው። እኛ ለሁሉም የሚሆን ቤት የለንም። ሰውየው አስቀድሞ ይዳን፣ ከዚያ እንቀበለዋለን ማለትን መተው ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

በዚያው በስድስት ኪሎ ቤት ለረጅም ዓመታት የሠሩትን አሜሪካዊ ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስን ሳላነሣ አላልፍም። አከርካሪያቸው የጎበጠ፣ ልባቸው የታመመ ልጆችን እዚያ እየመረመሩ፣ ከባዱን ቀዶ ሕክምና ጋና፣ አክራ ወደሚገኝ ሆስፒታል እያስላኩ ብዙዎችን ቀና አድርገው አስሄደዋል። ዶክተሩ ይሁዲ ናቸው፤ ቤቱ የካቶሊክ ነው፤ ልጆቹ ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ጴንጤም ናቸው። የክርስቲያን በጎ አድራጎት በሩን እንዲህ ሲከፍት ነው ደስ የሚለው።

አሁን አንድ ሥራ ቀረብ ብለን እንመልከት፤ ገላ ማጠብ። ብዙ ሰው ይህን የውበት ጉዳይ ያደርገዋል፤ ጉዳዩ ግን የጤና ነው። በክረምት ሰዎች ከብርድ ለመሸሽ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠጋግተው ያድራሉ። የልብስ ቅማል የሚኖረው በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረውም በዚያ ሌሊት ነው። ቅማሉ ሲጨፈለቅ ሐኪሞች የሚያገረሽ ትኩሳት የሚሉትን፣ በተለምዶ ግርሻ የምንለውን በሽታ ያስገባል። ታማሚው በኃይለኛ ትኩሳት ይወድቃል፤ ትንሽ ይሻለዋል፤ ከቀናት በኋላ እንደገና ይጥለዋል። አገራችን ይህ በሽታ እስከ ዛሬ ከማይጠፋባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ የሚይዘውም በአብዛኛው ጎዳና የሚያድረውንና ተጨናንቆ የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን ይበቃዋል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ተሕዋሱን በገደለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳት ያሻቅባል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። በዚያ ሌሊት አጠገቡ ነቅቶ የሚያየው ሰው ከሌለ ሕክምናው ራሱ ሊገድለው ይችላል። መርፌ ወግቶ ወደ ድልድይ ሥር መመለስ ሕክምና የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ቤት ሰውን ከጎዳና ሲቀበል ጸጉሩን ላጭቶ፣ ሙቅ ውኃና ሳሙና ሰጥቶ፣ ያደፈውን ልብስ አስወልቆ በፈላ ውኃ ቀቅሎ ወይም አቃጥሎ፣ ንጹሕ ልብስ አልብሶ ሲያስተኛው በሽታን ከሥሩ እየነቀለ ነው። ይህን የሚሠሩትን ሰዎች ጠጋ ብላችሁ እዩ። ለወራት ያልወለቀ ካልሲ ከእግር ቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ በሞቀ ውኃ እያራሱ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚያላቅቁት። ሰውየው ያፍራል። አጣቢው ወሬ እየጠየቀ፣ አገሩንና ስሙን እያወራው ሃፍረቱን ያስረሳዋል። በዚያች ሰዓት ነው ብዙዎች ከዓመታት በኋላ በስማቸው የሚጠሩት።

በምግብ በኩልም ብልህ የሆነ ሥራ አይተናል። ሆፕ ኢንተርፕራይዝ በዶክተር ሚናስ ኅሩይ አነሣሽነት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ከተማ የተራበ ያበላል፤ ልጆችን ያስተምራል። በቸርችል ጎዳና የሚሸጠው የምግብ ኩፖን ለዓመታት የታወቀ ነበር። ገዝታችሁ ኪሳችሁ ትይዛላችሁ፤ ለለመናችሁ ሰው ትሰጣላችሁ፤ እርሱ ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላበታል። ገንዘብ ብሰጠው ይጠጣበታል የሚል ሰበብ ለነበረው መንገደኛ ሰበቡን ወሰደበት። ለተራበው ደግሞ ኩፖኗ የሚያውቁት ሰዎች ወዳሉበት አዳራሽ ታደርሰዋለች፤ ዛሬ ለምሳ የመጣ ነገ ቁስሉን ያሳያል።

መቄዶንያን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ስሙ ከሐዋርያት ሥራ 16ኛ ምዕራፍ፣ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ ካየው የእርዳታ ጥሪ የተወሰደ ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ገደማ በቤተሰባቸው ቤት ጥቂት አረጋውያንና ሕሙማንን አስጠግተው ጀመሩት፤ ዛሬ አያት ባለው ማዕከልና በክልል ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። የየትኛውም እምነት ሰው ይገባበታል፤ መፈክሩም «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ልጁን ሲያስመርቅ፣ ሲያገባ፣ ተዝካር ሲያወጣ የአንድ ቀን ቁርስ ወይም ምሳ ወጪ ችሎ ከአረጋውያኑ ጋር መብላት ከለመደ ቆይቷል። እንዲህ ዓይነት ማዕከል ውስጥ ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን ቀብሩ ነው። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ምን እንደሚጠብቀው እኛ እናውቃለን፤ ማዘጋጃ ቤት ያነሣዋል፤ ያለ አልቃሽ ያልፋል። በሕይወት ሳለ ከርሃብ ይልቅ ይህን የሚፈራ ሽማግሌ ብዙ ነው። እነዚህ ቤቶች ገንዘው፣ በየእምነቱ ሥርዓት አስፈትተው ወይም አሰግደው ይቀብራሉ። እድሩ ሆነውለታል ማለት ነው።

የአእምሮ ሕመምተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ከዚህ ብዙም የማይርቀው አማኑኤል ሆስፒታል ያክማል፤ ታክሞ የሚወጣው ሰው ተቀባይ ዘመድ ከሌለው ግን መድኃኒቱ ባለቀ ማግስት ያው ጎዳና ላይ ነው። ጌርጌሴኖን የሚባለው የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ስሙን ያገኘው በመቃብር መካከል ይኖር ከነበረው የወንጌሉ ሰው ነው። ያ ሰው ከዳነ በኋላ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶ ተቀምጦ ነበር ይላል ታሪኩ። ልብሱና ልቡ አብረው ተመለሱ። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ማኅበራት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሥራውም ከሁሉም ያነሰ ለጋሽ የሚያገኝ ነው።

ምግብ፣ ገላ፣ አልጋ፣ ቀብር አየን። አሁን ብዙ ስለማይነገርለት አገልግሎት ልናገር፤ ወረቀት። ቤት የሌለው ሰው አድራሻ የለውም። አድራሻ ከሌለ የቀበሌ መታወቂያ የለም። መታወቂያ ከሌለ ሲም ካርድ በስሙ አያወጣም፤ ባንክ ደብተር አይከፍትም፤ ሐዋላ አይቀበልም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአባወራና በመኖሪያ የሚመዘገብ ስለሆነ እዚያም ስሙ የለም። ሥራ ቢያገኝ፣ ጥበቃም ይሁን ተላላኪ፣ አሠሪው ተያዥ አምጣ ይለዋል። ክፍል ልከራይ ቢልም ያው ነው። ወጣት ከሆነ ደግሞ በአደገኛ ቦዘኔነት አዋጅ፣ በቁጥር 384/1996፣ ተጠርጥሮ እንዳይታፈስ ይፈራል፤ እኔ እገሌ ነኝ የሚልበት ወረቀት የለውማ። ጉልበት እያለው ጎዳና ላይ የሚቀረው ሰው ብዙ ጊዜ የታሰረው በዚህ ሰንሰለት ነው። የዳቦ ሳንቲም ሰንሰለቱን አይፈታውም።

ሊፈታው የሚችለው የሚያውቀው ሰው ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳ የተባለውን መታወቂያ ሲያመጣ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት በር ከፍቷል። ምስክር ግን ይጠይቃል። አንድ ሰው ቆሞ «አውቀዋለሁ» ማለት አለበት። ለዓመታት ከአንድ ሰው ጋር የኖረ የበጎ አድራጎት ቤት ይህን ማለት ይችላል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከወረዳው ይነጋገራል፤ ለአሠሪው ተያዥ ይሆናል። በበኩሌ ለአንድ የክርስቲያን ድርጅት ገንዘብ ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው ስንት ሰው አበላችሁ ብቻ አይደለም፤ ለስንት ሰው ዋስ ሆናችሁ እላለሁ።

በዚህ ረገድ የሲስተር ጀምበር ተፈራን ሥራ ማወቅ ይገባናል። በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው መጡ፤ በደርግ ጊዜ አምስት ዓመት ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ በአዲስ አበባ የድሃ ቀበሌዎች ገብተው ከነዋሪው ጋር መጸዳጃ፣ የውኃ ቦኖ፣ የተጠገነ ጣሪያ፣ የጤና ትምህርትና የገቢ ሥራ በአንድ ላይ የሚያያይዝ ፕሮጀክት መሠረቱ፤ እምነታቸውም ለዚህ ሥራ እንዳነሣሣቸው ይናገሩ ነበር። ጎዳና ላይ የወደቀውን ማንሣት ክቡር ሥራ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ጠግኖ ቤተሰቡ እንዳይወጣ ማድረግ ደግሞ ወጪውም ሥቃዩም ያነሰ ነው። የልደታን የደባል ታሪክ ቀድሜ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ነገ ሌላ ሰፈር ሲነሣ የደባሎቹን ስም አስቀድሞ የሚመዘግብ፣ ለወረዳው የሚያስታውቅ አንድ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ቢኖር ስንቱ ከላስቲክ ይድን ነበር!

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገርም ልናገር። የድሃ ሰው ፊት በስልክ እየቀረጹ ብርድ ልብስ ማልበስ በዝቷል። ሰውየው ሲያለቅስ፣ ሲመርቅ፣ እግር ሲስም ይታያል፤ ፊቱ በመላው ዓለም ይዞራል። እናቱ አይታው ይሆናል። ለጋሽ ለማግኘት ነው የሚለው ምክንያት ይገባኛል፤ ያለ ገንዘብ ቤት አይቆምም። ቢሆንም የተራበ ሰው እንቢ ማለት አይችልም፤ እንቢ ማለት ከማይችል ሰው የተወሰደ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ይህ መቅረት አለበት። ዳቦን ከስብከት ጋር ማሰርም እንዲሁ ነው፤ ማብላት ራሱ ስብከት ነው፤ ከእርሱ በላይ ሌላ ክፍያ አይጠየቅም።

ወገኖቼ፣ በዚህ አዳራሽ የልደታ ማኅበርተኞች፣ የሰንበቴ አባላት፣ የእድር ዳኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በየወሩ በ1 ቀን ጽዋ ታነሣላችሁ፤ ድሃ ታበላላችሁ፤ ይህ አይቅር። የምለምናችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወር ስትሰበሰቡ፣ ከጽዋው በፊት፣ እያንዳንዱ ማኅበር ከደጀ ሰላሙ የአንድ ሰው ስም ይያዝ። ስሙን ከነአባቱ ጠይቁት። ከዚያ ለዓመት ያህል ተያዡ ሁኑ፤ ለፋይዳ ምዝገባ ምስክር ቁሙለት፤ ቢታመም ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ሥራ ቢያገኝ ዋስ ፈርሙለት፤ እድራችሁም ስሙን በመዝገቡ ይጻፍ። ለመጀመር ፈቃድም፣ ትልቅ በጀትም አያስፈልገውም። ሊቀመንበሮች፣ ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ እንድንገናኝና ማን የትኛውን በር እንደሚይዝ እንድንነጋገር እጠይቃችኋለሁ።